በረዶ የሌለው የስኪ አሰልጣኝ ጅማ ላይ፦ ልጅ ማስመዝገብ ያዋጣል?

የሰፈራችን ወላጅ ሁሉ ሰሞኑን ጥያቄው አንድ ነው። «ያ የሽማግሌው ስኬቲንግ እንዴት ነው? ብሩስ አይበዛም?» መንገድ ላይ እየቆምኩ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። ሁለቱም ልጆቼ እዚያ ይሰለጥናሉ። ሴቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ዘጠኝ። እኔ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ጥግ ይዤ ቁጭ ከማለት ሌላ ሥራ ስለሌለኝ የማያመልጠኝ ነገር የለም። ጥሩውንም መጥፎውንም እናገራለሁ። ማንም ከፍሎኝ አይደለም፣ እንዲያውም ከፋይዋ እኔ ነኝ።

ነገሩ ሮለር ስኬት ነው፣ ጎማ ያለው ጫማ። ቦታው ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ የቡና መጋዘን ግቢ ነው። ቡና የሚሰጣበት ሰፊ የሲሚንቶ ወለል አለው፣ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ተደርጎ የተሠራ። ይኸው ዘንበል ማለቱ ነው ጥቅሙ። ልጆቹ ከላይ ይነሳሉ፣ በቆሙት ዘንጎች መሀል እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ፣ ሰዓት ይያዝላቸዋል። በቃ። ዝላይ የለም፣ የኋልዮሽ መንዳት የለም፣ ቲክቶክ ላይ የሚታየው ሽክርክሪት የለም። ልጃችሁ እሱን ከፈለገ በየአስፋልቱ የሚያሳዩ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉ። እነሱ ጋ ውሰዱት፣ ዋጋውም ይቀላል።

ሰውየው ግን የተለዩ ናቸው። ጅማ ተወልደው፣ ፈረንጅ አራዳ አድገው፣ በወጣትነታቸው አውሮፓ ሄደው ዕድሜያቸውን አልፕስ ተራራ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሥራቸው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ማሰልጠን ነበር፣ ሌላ ሥራ ሠርተው አያውቁም። ከሕፃናት ክለብ ጀምረው፣ የወጣት ቡድን ይዘው፣ ኋላ ላይ በዓለም ዋንጫ (በስኪ በየዓመቱ የሚደረግ ተከታታይ ውድድር ነው) የሚወዳደሩ ልጆች ባሉበት ቡድን ከረዳት አሰልጣኞች አንዱ ሆነው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወደ እናታቸው አገር ተመለሱ። ስማቸውን የማልጽፈው እሳቸው ስላልፈለጉ ነው። ልጆቹ «ኮች» ይሏቸዋል፣ እኛ ወላጆች «ጋሼ»። በሩ ላይ «ዓለም አቀፍ አሰልጣኝ» የሚል ባነር ያሰቀለው የእህታቸው ልጅ ነው። እሳቸው ባነሩን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

«ጅማ ላይ ስኪ?» ብሎ የሚስቅ ብዙ ነው። ይሳቅ። እኛ ጋ በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ግን ነገሩን ለአበሻ የማይሆን አድርጎ የሚያወራ ካለ ሮቤል ተክለማርያምን ያስታውስ። በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ በ2010ም ቫንኩቨር ተሰልፏል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የሮቤል አገር አቋራጩ ነው፣ ዳገትም ሜዳም የሚኬድበት። ጋሼ ያሠለጠኑት ቁልቁለቱን ነው፣ አልፓይን የሚሉትን። በዚያኛው ደግሞ ሴኔጋላዊው ላሚን ጌዬ ገና በ1984 ሳራዬቮ ላይ ወርዷል። ጋናዊው ክዋሜ ንክሩማ አቼምፖንግ እንግሊዝ ውስጥ ጣሪያ ባለው አዳራሽ በሰው ሠራሽ ቁልቁለት ተምሮ ቫንኩቨር ደርሷል። ጎረቤታችን ኤርትራም በ2018 እና በ2022 ሻነን አበዳን አሰልፋለች። ለማንኛውም ጋሼ ልጆቻችንን ለኦሊምፒክ እናበቃለን አላሉም። እንደዚያ ብለው ቢሆን ኖሮ እኔም አላስመዘግብም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የምከፍለው ለጫማውም ለቦታውም አይደለም። ለዓይናቸው ነው።

ጋሼ የሚቀመጡት መጨረሻው ላይ አይደለም፣ መነሻውም ላይ አይደለም። መሀል ላይ፣ ከመንገዱ ጎን፣ የጅማ በርጩማ ላይ ነው። መጀመሪያ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ያገኙት ቦታ ላይ የተቀመጡ መስሎኝ ነበር። ለካ ዕድሜ ልካቸውን የቆሙት እንደዚያ ነው። እውነተኛው ተራራ ላይ አሰልጣኞቹ በመንገዱ ዳር ተራርቀው ይቆማሉ። አንዱ አሰልጣኝ አንዱን ተወዳዳሪ የሚያየው ከአንድ መታጠፊያ እስከ ሌላው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ልጁ ከዓይን ይሰወራል። ያየውን ወዲያው በሬዲዮ ወደ ላይ ይናገራል፣ ገና ያልወረዱት ሰምተው እንዲዘጋጁ። «አምስተኛው በር ጋ በረዶው ተቦርቡሯል፣ ቀደም ብለህ ታጠፍ» ይላል (በር የሚሉት ተወዳዳሪው የሚዞረውን ዘንግ ነው)፣ ሌላ ወሬ የለም። ያንን ሥራ በየክረምቱ ሲሠራ የኖረ ሰው ልጄን በሦስት ሰከንድ አይቶ የሚነግራትን ነገር እኔ ሙሉ ጠዋት አፍጥጬ አላየውም።

የሚገርመው የሚናገሩት ማነሱ ነው። ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ጠዋት፣ አንድ ነገር። «አንቺ ዛሬ እጅሽን ወደ ፊት።» አለቀ። ብትወድቅም፣ እግሯ ቢከፈትም፣ ጭንቅላቷ ቢያቀረቅርም ሌላውን አያነሱትም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ለወንዱ ልጄ ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚነግሩት፦ ስትታጠፍ ክብደትህን የውጪው እግርህ ላይ ጣል። በስኪም የመታጠፍ መሠረቱ ይኼው ነው ይላሉ። ወደ ግራ ስትታጠፍ ቀኝ እግርህ ላይ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግራ እግርህ ላይ። ሰውነት ግን ፈርቶ ወደ ውስጥ መደገፍ ይፈልጋል፣ ሲደገፍ ይንሸራተታል። ልጄ ይህ የገባው ቀን ወለሉ ላይ የሚሰማው የጎማ ድምፅ ራሱ ተለወጠ። እኔ ነገሩን የማላውቀው ሰማሁት።

ለምን አንድ ነገር ብቻ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «መነሻ በር ላይ የቆመ ልጅ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ቦታ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ከነገርኩት ሁለቱንም ይጥላቸዋል» አሉኝ። ከዚህ በፊት ልጄን የከተትኩበት የኳስ ስልጠና ነበር፣ የማን እንደሆነ ይቆይ። አሰልጣኙ ከመስመር ውጪ ቆሞ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ይጮሃል። ማታ ልጄን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስለው «ተሰደብኩ» ነው ያለኝ። ልዩነቱን ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

ሌላው የወደድኩት ነገር ከመውረዳቸው በፊት ያለው ነው። ልጆቹ ጫማቸውን ሳያደርጉ መጀመሪያ መንገዱን በእግራቸው ያዩታል። ከታች ወደ ላይ፣ ዘንግ በዘንግ፣ ቀስ ብለው። የት ነው የሚጠበው? የት ነው እርጥብ ያለው? የትኛው መታጠፊያ የሚቀጥለውን ይደብቃል? ከዚያ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው እየጠመዘዙ መንገዱን በሐሳብ ይወርዱታል። በስላሎም ውድድር (በዘንጎች መሀል እየተጠማዘዙ የሚወረድበት ነው) ተወዳዳሪው በዚያ መንገድ ላይ የሙከራ ዙር የለውም፣ በዓይኑ አይቶና በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚነሳው። የሙከራ ቀን የሚሰጠው ለዳውንሂል ነው (በጣም ፈጣኑ የቁልቁለት ውድድር)፣ እሱም ፍጥነቱ ሰው ስለሚገድል ነው። በ2013 ስዊዘርላንድ ቬንገን ላይ ፈረንሳዊው ጆሐን ክላሬ በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር ተመዝግቦለታል። ስኪ ላይ በሁለት እግርህ ቆመህ እንጂ መኪና ውስጥ ሆነህ አይደለም።

ይኼ የዓይን ጭፈና ነገር ቤታችን ገብቶ ችግር ፈጥሯል። ልጄ አርብ ማታ ቡና እየተፈላ ዓይኗን ጨፍና እጇን ግራ ቀኝ ስታወዛውዝ እናቴ አይታ «ልጅቷን ምን አስነካችኋት?» ብላ ጸበል ይዛ ልትሄድ ነበር። አስረድተናታል። ያመነችን ግን አይመስለኝም።

መንገዱ በየሳምንቱ ይለወጣል። ይህ ነገር ለእኔ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም ነበር፣ አሁን ግን ከሁሉም በላይ የማየው እሱን ነው። ጋሼ ዘንጎቹን ሲያስተክሉ እንደ ቼዝ ተጫዋች ነው የሚያስቡት። እዚህ ሦስቱን በአንድ መስመር ያደርጋሉ፣ ልጁ ፍጥነት ያነሳል። ከዚያ ድንገት አራተኛውን ወደ ጎን ያርቁታል፣ አስቦ ያልመጣ ዘንጉን ስቶ ያልፋል። በትልቁ ውድድርም በስላሎም በሮቹን የሚያቆሙት አሰልጣኞቹ ራሳቸው ናቸው። ከተወዳዳሪ ቡድኖች መካከል ዕጣ ይወጣና የመጀመሪያውን ዙር የአንዱ አገር አሰልጣኝ፣ ሁለተኛውን የሌላው ያቆማል። እያንዳንዱ ደግሞ ሕጉን ሳይጥስ ለራሱ ልጅ የሚመች አድርጎ ሊያቆም ይሞክራል፣ ይህ የታወቀ ነው።

ጋሼ የሚወዱት ታሪክ የክሮኤሺያው አንቴ ኮስተሊች ነው። ልጆቹን ያኒጻንና ኢቪጻን ራሱ አሠልጥኖ፣ ያኒጻ በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ላይ ሦስት ወርቅና አንድ ብር ወሰደች። እኚህ ሰው በሮች ሲያቆሙ ተወዳዳሪው ሁሉ ይደነግጣል። በ2014 ሶቺ ላይ የወንዶቹን ስላሎም ሁለተኛ ዙር መንገድ ያቆሙት እሳቸው ነበሩ፣ ስንቱ ጎበዝ መሀል ላይ ከመንገድ ወጣ! ወርቁን የ34 ዓመቱ ኦስትሪያዊ ማሪዮ ማት ይዞት ሄደ። ጋሼ ይህንን ሲያወሩ የተናደዱ ይመስላሉ፣ ግን ይስቃሉም። «እኔም ዕጣ ወጥቶልኝ ያውቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» ይላሉ። የማን መንገድ፣ የትኛው ተራራ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ዘንጎቹ የመብራት መስመር የሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦ ናቸው፣ አሮጌ የባጃጅ ጎማ ላይ የቆሙ። ልጅ ሲመታቸው ይጎብጡና ይመለሳሉ። ድሮ በስኪም በሩ የቀርከሃ ነበር። ተወዳዳሪው ዞሮት እንጂ ገጭቶት አያልፍም። ከ1980ዎቹ ወዲህ ከሥሩ የሚታጠፍ ፕላስቲክ ሲመጣ ነው በእጅና በእግር እየገጩ ቀጥ ብሎ መውረድ የተጀመረው። የእኛ ልጆች ግን በእጅ መግጨት አይፈቀድላቸውም። ጋሼ ይህን ያሉት አንዱ ልጅ አውራ ጣቱን ካበጠው በኋላ ነው፣ ቀድመው ማለት ነበረባቸው።

ውድድር በወር አንዴ አለ። እዚህ ላይ የሚያደርጉት ነገር በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ሁለት ዙር ይወርዳሉ። በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ በመጀመሪያው ዙር ኋላ የቀረው ቀድሞ ይወርዳል፣ አንደኛ የወጣው የመጨረሻ። ይህ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም፣ በዓለም ዋንጫም ለሁለተኛው ዙር ያለፉት 30ዎቹ የሚወርዱት በዚሁ ሥርዓት ነው። እዚያ በረዶው ሰው በወረደበት ቁጥር ስለሚቦረቦር ቀድሞ መውረድ ጥቅም አለው። ሲሚንቶ አይቦረቦርም። ታዲያ ለምን ብላችሁ እንደሆነ፣ ጋሼ ምክንያታቸው ሌላ ነው። ኋላ የቀረችው ልጅ ሁሉም እያያት ትወርዳለች። ሰዉ ተበትኖ ወላጅ ባጃጅ እየጠራ አይደለም። ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን መሪ ትሆናለች፣ ማንም እስኪበልጣት ድረስ መሪ የምትቆምበት ቦታ አለ። የእኔ ልጅ መጀመሪያ አካባቢ ሁልጊዜ ከታች ስለነበረች ያንን ቦታ በደንብ ታውቀዋለች። ማንም ሳይበልጣት የቆየችበትን ጊዜ በልቧ ትቆጥረው ነበር።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ሐቀኛ ናቸው። የሚይዙት በእጅ ነው፣ በስልክ። ልጆቹ በመቶኛ ሰከንድ እንዲጻፍላቸው ይለምናሉ፣ ስልኩ ላይ ይታያልና። እሳቸው እስከ አሥረኛው ብቻ ነው የሚጽፉት። «ጣቴ ራሱ ከዚያ በላይ ይሳሳታል፣ የውሸት ቁጥር አልሰጥም» ይላሉ። በትክክለኛው ውድድር የሚለካው በጨረር ነው፣ እስከ መቶኛ ሰከንድ። መቶኛ ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ያስረዱበት መንገድ ልጆቹን አፍዟቸዋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በመቶኛው ደግሞ 28 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ከፍ ይላል። ሶቺ ላይ በሴቶች ዳውንሂል የስሎቬኒያዋ ቲና ማዜና የስዊዘርላንዷ ዶሚኒክ ጊዚን ሁለቱም 1 ደቂቃ ከ41.57 ሰከንድ ገብተው ሁለቱም ወርቅ ተሰጣቸው። ልጄ ይህን ሰምታ «እናስ ያቺ ሦስተኛዋ?» አለች። ሦስተኛዋ ሁልጊዜ ታሳዝናታለች።

ወላጅ አፉን ይዝጋ የሚል ሕግ አላቸው። ከመስመሩ ዳር ሆኖ «በርታ፣ ጎንበስ በል፣ ፍጠን» ማለት የለም። አንዴ እኔ ልጄን «እጅሽን!» ብዬ ስጮህ ከበርጩማቸው ሳይነሱ ጣታቸውን አወዛወዙብኝ። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ስለ ሚካኤላ ሺፍሪን አንብቤ ስለነበር «ጋሼ፣ ያቺን አሜሪካዊት እናቷ አይደለችም እንዴ ያሠለጠነቻት?» አልኳቸው። ሺፍሪን ማለት የስዊድናዊውን ኢንግማር ስቴንማርክን የ86 ድል ሪከርድ የሰበረች፣ በ2025 ደግሞ መቶኛውን የዓለም ዋንጫ ውድድር ያሸነፈች ናት። «እውነት ነው» አሉኝ። «እናቷ ራሷ ስትወዳደር የነበረች ናት። አንቺስ ጫማውን አድርገሽ ታውቂያለሽ?» የተቀመጡት ወላጆች ሁሉ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ነው የምለው። ጫማውንም አላደረግኩም።

ስለ ራሳቸው ብዙ አያወሩም። ግን ዝናብ መጥቶ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተጠልለን ስንቀመጥ፣ ቡናም ካለ፣ ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ይህ የአሰልጣኝነት ሥራ ቴሌቪዥን ላይ ከሚታየው ጋር እንደማይገናኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሌሊት ተነስቶ፣ ገና ጨለማ ሳለ የዘንግ እስር በትከሻ ተሸክሞ ተራራ ላይ መውጣት ነው። በረዶውን በመሰርሰሪያ እየበሱ ዘንግ መትከል ነው። መንገዱ እንዳይቦረቦር ውሃ እያጠጡ ወደ ግግር በረዶነት መቀየር ነው (አዎ፣ ሆን ብለው መስታወት ያደርጉታል)። ከሰዓት በኋላ መልሶ መንቀል፣ ማታ በቪዲዮ የተቀረፀውን ቁጭ ብሎ ማየት። በበጋቸው ደግሞ በረዶ ፍለጋ ወይ ከፍ ያለ ግግር ተራራ ላይ ይወጣሉ፣ ወይ ቺሊና ኒውዚላንድ ድረስ ይሄዳሉ፣ እዚያ ሐምሌና ነሐሴ በረዶ የሚጥልበት ወቅት ስለሆነ። ውድድሩ ጥቅምት አጋማሽ ኦስትሪያ ሶልደን ላይ ይከፈታል፣ እስከ መጋቢት እረፍት የለም። የፈረንጆቹ ገና ሲሆን ጣልያን አገር ናቸው፣ የእኛ ገና ሲደርስ ስዊዘርላንድ አደልቦደን። «ሁለት ገና ያለው ሰው ነበርኩ፣ አንዱንም ቤቴ ሆኜ አላከበርኩም» አሉን።

ስንት ሻምፒዮን አወጡ ብሎ አንዱ አባት ጠየቃቸው። ጋሼ መልሳቸው ደረቅ ነበር። «ካሠለጠንኳቸው አብዛኞቹ ሻምፒዮን አልሆኑም። አናጢ ሆነዋል፣ ነርስ ሆነዋል። ጉልበታቸው የተበጠሰም አሉ።» የጉልበት ጅማት መበጠስ በዚህ ስፖርት የተለመደ ጉዳት ነው። የእሳቸውም ሁለቱም ጉልበት የተቀደደ ነው። አባትየው ልጁን ሊያስመዘግብ መጥቶ ነበር፣ ይህን ሰምቶ ሳያስመዘግብ ሄደ። ለእኔ ግን ይህ መልስ ከባነሩ በላይ አሳመነኝ። ውሸታም ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሜዳሊያ ይፈጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ዋጋው ለአንድ ልጅ በወር 1200 ብር ነው፣ ሁለት ልጅ ላለው ቅናሽ የለም። ጫማ መከራየት ለብቻው ነው። ለጅማ ውድ ነው፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። ግቢው ውስጥ ያሉት ልጆች በአብዛኛው የነጋዴና የዩኒቨርሲቲ ሰው ልጆች የሆኑት ለዚህ ነው። ጋሼ ጥቂት የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያሠለጥናሉ፣ ከሁሉም ፈጣኑም ከእነሱ አንዱ ነው። ግን ይህ በሥርዓት የሚታወቅ ነገር አይደለም። ማን በነፃ እንደሚገባ የሚወስነው የእህታቸው ልጅ ነው፣ እንዴት እንደሚመርጥ እግዜር ይወቅ።

የዓመቱ ፕሮግራም የሚባል ነገር የለም። ዝናብ ካልሆነ ቡና ነው። ክረምቱን ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም ወለሉ አይደርቅም፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በጋም ቢሆን አያፍርም። ከዚያ ዝናቡ ቆመ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ የመጋዘኑ ባለቤት ጀንፈሉን ያሰጣበታል። ትክክል ነው፣ ወለሉ የተሠራው ለቡና ነው እንጂ ለልጆቼ አይደለም። ግን ገንዘቡን በወሩ መጀመሪያ ተቀብሎ በሁለተኛው ሳምንት «ቡና ገብቷል» ማለት ልክ አይደለም። ለቀረው ጊዜ ወደ ሚቀጥለው ወር ይተላለፍላችኋል ይባላል፣ ሲተላለፍ ግን መከራከር አለ። በቴሌብር የከፈላችሁበትን መልዕክት አታጥፉት።

የራስ ቁሩ ነገር ያሳስበኛል። ሄልሜት ሳያደርግ የሚወርድ ልጅ የለም፣ በዚህ ጋሼ ቀልድ አያውቁም፣ ማሰሪያውን ራሳቸው እየዞሩ ይፈትሻሉ። ግን የኪራዮቹ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ አንዱ ልጅ ሲጨርስ በላብ የራሰውን ለሌላው ያቀብላል። ለአንዳንዱ ይሰፋዋል። የጉልበት መከላከያውም ላስቲኩ የላላ አለ። እነዚያ የባጃጅ ጎማዎች ደግሞ ቁርጭምጭሚት ይመታሉ፣ የልጄ እግር ላይ ምልክቱ አለ። ሲሚንቶው የጫማውን ጎማ ስለሚበላው የራሳችሁን ጫማ ከገዛችሁ ጎማ መቀየር ከምታስቡት በላይ ቶሎ ይመጣል። ጅማ ላይ መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መለመን ነው።

መጸዳጃ ቤቱን አልገልጸውም።

ሰዓት ማክበር ላይ ጋሼ ኦስትሪያዊ ሆነው ነው የተመለሱት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማለት አንድ ሰዓት ነው፣ አምስት ደቂቃ ያለፈው ልጅ መንገዱን በእግሩ ስለማያይ የመጀመሪያውን ዙር አይወርድም። ባጃጅ አጥቼ ያረፈድኩ ቀን ልጄ አልቅሳለች። እኔ ግን በዚህ አልከሳቸውም። መንገዱን ሳታይ የምትወርድ ልጅ ነው የምትሰበረው።

ለማን ይሆናል? ልጁ ቶሎ የሚሰለቸው ከሆነ፣ በየሳምንቱ አዲስ ዘዴ ካልተማርኩ የሚል ከሆነ፣ ይቅር። እዚያ አንድ እግር ላይ ክብደት መጣልን ለሁለት ወር ሊማር ይችላል። ዓይን አፋር ልጅ ካላችሁ፣ ሲጮሁበት የሚደነግጥ፣ ግን ብቻውን ሲተውት ነገር የሚያሰላስል ዓይነት ከሆነ፣ ውሰዱት። የእኔ ሴቷ እንደዚያ ናት። ወንዱ ለፍጥነቱ ነው የሚሄደው፣ እሱም ቢሆን አልጠላውም። ከሰባት ዓመት በታች አይቀበሉም። ለትልልቆቹም ቁልቁለቱ ያንሳል ብዬ እፈራለሁ። የወንዶች ስላሎም ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ180 እስከ 220 ሜትር ነው፣ የእኛ ወለል ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ብዙም አይዘልም። ጎረምሳ ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጨርሰዋል። ጋሼ ከዚህ የተሻለ ቦታ እየፈለጉ ነው፣ ግን መኪና የማይገባበት ለስላሳ አስፋልት ጅማ ላይ የት አለ? ኮብልስቶን ላይ አይሆንም።

እኔ ሁለቱንም አስቀጥላለሁ። ቡናው ሲነሳ፣ ወደ የካቲት ገደማ፣ አዲስ ምዝገባ ይኖራል። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ በነፃ ማየት ይቻላል፣ ልጁም ጫማ ተውሶ ይሞክራል። ረጅም ሱሪና ወፍራም ካልሲ አልብሱት። የእጅ ጓንት እዚያ የለም፣ የራሳችሁን ያዙ። ሄልሜት ደግሞ ከቻላችሁ የራሳችሁን ግዙ። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ካላችሁ ለእኔም አንድ ጨምሩበትና ሒሳቡን እልካለሁ፣ የልጄ ጭንቅላት ዙሪያው 54 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቀለሙ ሮዝ እንዳይሆን ብላለች።